የጋለ ብርጭቆ አይቀላም፦ ለስልኩ ቤተ ሙከራ አስተባባሪ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ አቶ እስጢፋኖስ ላቀው
የ«ቤተ ሙከራ በኪስ» ፕሮጀክት ዋና አስተባባሪ
ጎንደር

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና፣ ለስልክዎም የማያልቅ ባትሪ እመኛለሁ። እኛ ደኅና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። ልጄ ሒክማም ከቀኝ እጇ በቀር ደኅና ናት።

ራቢዓ ጃቢር እባላለሁ። እዚሁ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ የምሸጥ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ፣ እንደ እናንተ ቃል መርጬ መጻፍ አልችልበትምና የጎደለውን በልግስናዎ ሞልተው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ደብዳቤውን በግል ልልክልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን እርስዎ የልጄን ፎቶ ደብቀው ሳያስቀሩ ለአገር ሁሉ ስላሳዩልን፣ እኔ ደብዳቤዬን በፖስታ አሽጌ ብልክ ውለታ ቢስ እንዳልባል ፈራሁ። ስለዚህ ከማክሰኝት እስከ እንፍራንዝ ልጁን ትምህርት ቤት የላከ ወላጅ ሁሉ አብሮን ያንብበው ብዬ በግልጽ ጻፍሁት። ምስጋናዬን እንዳላምታታው በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ስልኩ አመሰግናለሁ። ባለፈው ጥቅምት ወላጆችን ሰብስበው፣ ከእንግዲህ ብልቃጥ ተሰበረ፣ አሲድ ፈሰሰ የሚባል ስጋት እንደሌለ፣ ልጆቻችን ኬሚስትሪን በስልክ እንደሚማሩ ሲያበስሩን እኔም ከፊት ተቀምጬ ነበር። መስመር መስመር የተሞነጫጨረች ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ስልክዎን ወደ ካርዷ አዞሩ፤ በስልኩ መስታወት ስናይ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ብልቃጥ ቆሞ፣ ከሥሩ እሳት ነዶ፣ ውስጡ ይንተከተካል። ዓይናችንን ከስልኩ ስናነሳ ጠረጴዛው እንዳለ ባዶ ነው። ሐሰት ምን ያደርግልኛል፤ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ሒክማም ካርዷን ቤት አምጥታ የጨርቄ እስር ላይ አስቀመጠችና በስልኩ አንድ ትልቅ ቀይ ኳስ፣ ሁለት ትንንሽ ነጭ ኳስ ተለጥፎበት አሳየችኝና ውሃ ማለት ይኼ ነው አለችኝ። ዞሬ ዞሬ አየሁት። ሸጋ ነገር ነው፤ አልክድም። ጎረቤቴ እትዬ እንኳየሁማ ካርዷን አይተው የየትኛው ደብተራ ሥራ እንደሆነ ጠየቁ፤ ስልኩ ላይ እሳቱ ሲነሳ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ከቆዩ በኋላ ለራስ ምታትም ይሆን እንደሆነ ሒክማን በጆሮዋ ጠየቋት።

እንዲህ ከተደሰትሁ ምነው መጠርጠር ጀመርሽ ይሉኝ ይሆናል። ይቅርታ ያድርጉልኝና ነጋዴ ነኝ። ደጃፌ ላይ አዲስ ዕቃ በነፃ ሲራገፍልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ገባ ብዬ አይደለም፤ በኋላ በር ምን ሊወጣ ነው ብዬ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለዚህ ስለወጣው ነገር አመሰግናለሁ። የልጆቹ ቤተ ሙከራ ረጃጅም ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ዳር የውሃ ቧንቧ የነበረው ሰፊ ክፍል ነበር። ፕሮጀክቱ በገባ በወሩ የወላጅ ስብሰባ ብለው ሲጠሩን፣ ጠረጴዛዎቹ ወጥተው ሶፋ ገብቷል፤ ቧንቧዎቹ ተነቅለው ቀዳዳቸው በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ ምንጣፍ ተነጥፎ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ብርጭቆዎቹስ ስል በካርቶን ታሽገው ደረጃው ሥር መሆናቸውን ሰማሁ። በሩ ላይ «የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት» የሚል በሸጋ ፊደል ተጽፏል። እኔ አልተማርሁምና ስህተቴን ያርሙኝ፤ ግን ቤተ ሙከራው ኪስ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ክፍሉ ለእርስዎ ምን አደረገልዎ? ጽሕፈት ቤትዎንስ በኪስዎ ቢይዙት ኖሮ ልጆቹ ቧንቧቸው ይቀርላቸው አልነበር? ይህን ጥያቄ በስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ጠይቄ ነበር፤ ሰዓት ስለሄደ ወደ ሻይ እንለፍ ብለው በትሕትና አለፉኝ። ሻዩ ጣፋጭ ነበር፤ ስለ እርሱም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጋሽ ምናለ። ጋሽ ምናለ የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ነበሩ፤ ብርጭቆ የሚያጥቡ፣ እሳት የሚያቀጣጥሉ፣ ልጆቹ እንዳይቃጠሉ ከኋላ ቆመው የሚጮሁባቸው ሰው። የሚሠራ ቤተ ሙከራ ስለሌለ ሥራ እንዳይፈቱ በማሰብ በር ላይ አቁመዋቸዋል። በር ላይ ምን ይሠራሉ? ስልክ ይነጥቃሉ። ትምህርት ቤቱ ስልክ ይዞ መግባት ይከለክላላ! እንግዲህ ልጄ ጠዋት ስልክ ይዛ ከተገኘች ትቀጣለች፤ ኬሚስትሪ ላይ ስልክ ካልያዘች ትቀጣለች፤ በመካከሉ ስልኩን ከጋሽ ምናለ ለማስፈታት ስትሮጥ ታረፍድና ስለ ማርፈዷ ትቀጣለች። ሌላ የማይገባኝ ነገር ደግሞ አለ። ከመካነ ብርሃን መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ፤ እንዲህ ያለ ስልክ ከየት ያምጡ? በአንዱ ስልክ ዙሪያ ተደራርበው ይቆማሉ፤ ከፊት ያለው ኬሚስትሪ ሲማር፣ ከኋላ ያለው የጓደኛውን ማጅራት አጥንቶ ይወጣል። በዚህ ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ይህን ሳነሳ፣ ወይዘሮ ራቢዓ ለቴክኖሎጂ አልተዘጋጁም አሉ አሉኝ። እውነትዎን ነው። አልተዘጋጀሁም ነበር።

አራተኛው ስለ እንግዶቹ ቀን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እረዝማለሁና ይታገሡኝ።

ፕሮጀክቱን ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ለማስፋፋት የሚወስኑ እንግዶች ከላይ ይመጣሉ ተባለ። የስልኩ ትምህርት ከእውነተኛው በምንም እንደማያንስ ለማሳየት፣ አንድ ሙከራ በስልክም በእጅም ጎን ለጎን እንዲሠራ ወሰኑ። ሒክማ በስልኩ ከሁሉ ፈጣን ስለሆነች መረጧት። ልጄ ደስታዋን አይጠይቁኝ። የሕክምና ላቦራቶሪ መማር ነው ምኞቷ፤ እናቴ በደም ግፊት ስትመላለስ ሆስፒታል አብራ እየሄደች፣ ነጭ ጋውን ለብሰው ደም የሚመረምሩትን ሰዎች በመስኮት ስታይ ነው ያደገች። ሻሿን ራሷ ተኮሰች። እኔንም ሱቅ አስዘግታ ወሰደችኝ፤ ወላጆች ከኋላ ተቀምጠን ነበር።

ደረጃው ሥር ከታሸገው ካርቶን አንድ ቴስት ቲዩብ የሚሉት የብርጭቆ ቱቦና በአልኮል የሚነድ ኩራዝ ወጣ። ሶፋው ገለል ተደርጎ አንድ ጠረጴዛ ገባ። ሙከራው ሰማያዊ ጨው አለ፣ ኮፐር ሰልፌት ይሉታል፣ እሱን ማሞቅ ነው፤ ሲሞቅ ውሃው ይወጣለትና ይነጣል። ስልኩ ላይ መጀመሪያ ሠራችው፤ ተጨበጨበ። ከዚያ በእጅ። ቱቦውን በመቆንጠጫ ማሰሪያ አሰረች፤ እሳቱን ለኮሰች፤ ሰማያዊው እያየነው ነጣ። በእውነት ሸጋ ነበር። እንግዶቹ ቆመው አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብሁ። ያኔ እርስዎ ፈገግ ብለው፣ «ሒክማ፣ ለእንግዶቹ ከፍ አድርገሽ አሳዪአቸው» አሉ። ሒክማም ቱቦውን ከማሰሪያው ፈትታ በባዶ እጇ ያዘችው።

ክቡርነትዎ፣ እኔ ይህን ያወቅሁት በኋላ፣ ልጄ እጇ ታሽጎ አልጋ ላይ ሆና ስትነግረኝ ነው። እናንተ በሠራችሁት ስልክ ላይ እሳት የነካው ብርጭቆ ይቀላል። ልክ እንደ ፍም። ሲበርድ ቅላቱ ይጠፋል፤ ያኔ መያዝ ይቻላል ማለት ነው። ልጄ ይህን ሙከራ ስልኩ ላይ ደጋግማ፣ ዓይኗን ጨፍና እስክትችለው ድረስ ሠርታዋለች፤ ቀይ ካየች ትጠብቃለች፣ ቀይ ከሌለ ታነሳለች። በዚያ ቀን ብርጭቆውን አየችው፤ ጥርት ያለ ነው፣ ቅላት የለውም። ስለዚህ ያዘችው። እናንተው ያስተማራችኋትን ነው የሠራችው። የጋለ ብርጭቆና የቀዘቀዘ ብርጭቆ መልካቸው አንድ መሆኑን የሚነግራት ሰው በር ላይ ቆሞ ስልክ ይነጥቅ ነበር።

ቢሆንም ወዲያው ብትለቀው ያን ያህል ባልተጎዳች ነበር። ሰው የጋለ ነገር ከነካ ይለቃል። ልጄ አልለቀቀችም። «ምነው አልጣልሽውም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ፎቶ እያነሱ ነበር» አለችኝ።

ይኸው ነው። በእንግዳ ፊት ዕቃ ሰብሮ መምህርን፣ ትምህርት ቤትን፣ እናትን ማሳፈር ነውር ነው በሚባልበት አገር ያደገች ልጅ ናት። እንግዳው ፎቶውን እስኪጨርስ ቱቦውን ከፍ አድርጋ ይዛ ቆመች። ከዚያም በቀስታ፣ ሳትሰብር፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ወደ እኔ ዞረች። ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው። የጮህሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አልጮኸችም።

ጩኸቴን ሰምተው ከበር የሮጡት ጋሽ ምናለ ናቸው። እጇን ይዘው ወደ ግድግዳው ወሰዷት፤ ቧንቧው የነበረበት ቦታ ማለቴ ነው። እጃቸው ወደ ለመደው ነው የሄደው። እዚያ ሶፋ አለ። ዞረው ከእንግዶቹ ጠረጴዛ የታሸገ ውሃ አንስተው ማፍሰስ ሲጀምሩ፣ ከእናንተ ሰዎች አንዱ፣ «አያ ምናለ፣ እሱ የእንግዳ ነው» አላቸው። ጋሽ ምናለ ሁለተኛውን ጠርሙስ ከፈቱ። ከእንግዶቹ ስለተወሰደው ውሃ በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ፎቶው። በማግሥቱ ፕሮጀክታችሁ ፌስቡክ ላይ አወጣው። ሒክማ ቱቦውን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ ዓይኗ ሰፍቶ። ከሥሩ «የተማሪያችን የስኬት ፈገግታ» ብላችሁ ጽፋችኋል። ብዙ ሰው ወዶታል፤ ዘመዶቻችን እንኳን ደስ ያላችሁ ብለው ደውለውልኛል። እኔ ይህችን ልጅ ወልጄ፣ ጥርስ ስታበቅል፣ ኩፍኝ ሲይዛት፣ አባቷን ስንቀብር ፊቷን ያየሁ ሰው ነኝ። ፈገግታዋን አውቀዋለሁ። ያ ፈገግታ አይደለም። ግን እናንተ በስልክ የሌለ እሳት ማሳየት የሚችል ሙያ ስላላችሁ፣ የሌለ ፈገግታ ማሳየቱ እንደማይከብዳችሁ እረዳለሁ። ፎቶውን አውርዱት አልልም። ይቆይ። ከሥሩ ያለውን ቃል ብቻ አርሙት፤ እጇ እየተቃጠለ ነው ብላችሁ ጻፉ።

ስድስተኛውን ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ፤ የበሽተኛ ጠያቂን ነገር አደባባይ ማውጣት ወግ አይደለምና። ግን የጠያቂዋ መልእክት ከማን እንደመጣ ስለማውቅ፣ ለላኪው መመለስ ግዴታዬ ነው ብዬ አሰብሁ።

የሕዝብ ግንኙነታችሁ ወይዘሮ ሄለን ቤቴ ድረስ መጡልኝ። ብርቱካንና ስኳር ይዘው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሸጋ አድርገው ጠየቁን። አይዞሽ፣ አላህ ይማራት፣ ሁሉንም አሉ። ሻይ ቀረበላቸው። ከዚያ ብርጭቆውን በእጃቸው እያዞሩ፣ «እትዬ ራቢዓ፣ ማንም ቢጠይቅዎ ቤት ውስጥ፣ ምድጃ ላይ ነው የተቃጠለችው ቢሉልን። ለፕሮጀክቱ ነው። ለሌሎቹ ልጆች ሲባል ነው» አሉኝ።

«የእኔ ምድጃ ምን በደለ?» አልኋቸው።

እንግዶቹ ፕሮጀክቱን ለማስፋት ሊወስኑ እንደሆነ፣ ወሬው ከደረሳቸው ሁሉም እንደሚቋረጥ፣ ለሒክማ ደግሞ ስሟ የተጻፈበት አዲስ ታብሌት እንደተዘጋጀ አስረዱኝ። ይህን ሲሉኝ ሒክማ ከጓዳ ወጣች። የታሸገውን እጇን በሌላኛው ደግፋ በሩ ላይ ቆመችና፣ «እትዬ ሄለን፣ ታብሌቱን በየትኛው እጄ ልያዘው?» አለቻቸው።

ወይዘሮ ሄለን ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሡ። በር ላይ አቅፈውኝ አለቀሱ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ የተላኩ ናቸው። እኔ የምጠረጥረው የላካቸውን ነው።

ጥርጣሬዬንም አልደብቅዎትም፤ ቤቴ ድረስ ሰው ልኮ ምድጃዬን ወንጀለኛ እስከማድረግ የደረሰ ሰው፣ የሚደብቀው አንዲት የተቃጠለች ልጅ ብቻ አይመስለኝም። ፕሮጀክቱ በሰፋ ቁጥር በየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ቤተ ሙከራ ይለቀቃል። ሶፋ የሚገባበት ሰፊ ክፍል ማለት ነው። ነገ በማክሰኝትም በመካነ ብርሃንም ብርጭቆው ደረጃ ሥር ይታሸጋል፤ እዚያም አንዲት ጎበዝ ልጅ ስልኩ ያስተማራትን ታምናለች፤ እዚያም እንግዳ ይመጣል። ያቺ ልጅ የማን እንደሆነች አላውቅም። እናቷ ግን እንደ እኔ ከኋላ ተቀምጣ ታጨበጭባለች።

ሐኪሙ ጣቶቿ ይታጠፋሉ ብሎናል። የጣቶቿ ጫፍ እንደ ቀድሞው ስሜት ይኑረው አይኑረው ግን ጊዜ ነው የሚነግራችሁ አለን። የላቦራቶሪ ሰው በጣቱ ጫፍ እንደሚኖር ልጄ ታውቃለች፤ እኔ እንዳላውቅ ብላ አትነግረኝም። ፈተናው ደርሷል። ግራ እጇ መጻፍ እየለመደ ነው፤ ፊደሏ የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል መስሏል፣ ግን ይነበባል። ምድጃ ላይ ነው በይ ቢሉሽ ምን ትያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ፎቶ ሲያነሱኝ አልለቀቅሁም፣ አሁን ግን ለቅቄዋለሁ አለችኝ።

እኔም ለቅቄዋለሁ። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለውን እዚህ ጽፌልዎታለሁ፦ ሒክማ የተቃጠለችው ምድጃ ላይ አይደለም። የተቃጠለችው ቧንቧው በተነቀለበት ቤተ ሙከራችሁ፣ እርስዎ ከፍ አድርጊ ባሉበት ቅጽበት፣ እናንተ በሳላችሁት የውሸት ቅላት ምክንያት ነው። ታብሌቱን አንፈልገውም። የምንፈልገው ሶፋው ወጥቶ ቧንቧው ተመልሶ እንዲተከል፣ ጋሽ ምናለ ከበር ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ፣ ስልኩ ላይ ያ ቀይ ብርጭቆ እንዲጠፋና በቦታው «የጋለ ብርጭቆ አይቀላም» ተብሎ እንዲጻፍ ነው። ስልኩን አልጠላም፤ ውሃ ምን እንደሚመስል ያሳየኝ እሱ ነው። ከብርጭቆው ጎን ይቀመጥ፤ ብርጭቆውን ግን ከክፍሉ አያስወጣው።

ይህን ሁሉ ትዕግሥት ሰጥተው ስላነበቡልኝ፣ ሥራ በሚበዛበት ሶፋዎ ላይ ሳይመችዎ ስላስቀመጥሁዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የሥራ ዘመንዎ እንዲባረክ፣ ሹመትዎ እንዲጨምር፣ ልጆችዎም ውሃ ባለበት ክፍል እንዲማሩ ከልብ የምመኝ፣

የሒክማ እናት
ራቢዓ ጃቢር
ቅዳሜ ገበያ፣ ከጨርቅ ሻጮች ተርታ

ማስታወሻ፦ ለምን አንድም ቀን ራስዎ መጥተው እንዳልጠየቋት ሰዎች ሲያነሱብኝ፣ ሥራ በዝቶበት ነው እያልሁ ክብርዎን ስጠብቅልዎ ቆይቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ይህን ሥራ ትቼዋለሁና ለራስዎ ይጠብቁት። ለመምጣት ካሰቡ ቤቴ ክፍት ነው፤ ሻይም አይጠፋም። ስልክዎን ግን አያውጡ። የሒክማ እጅ በባዶ ዓይን ይታያል።